ሁለት ጣት የተጨመረበት ክር

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ለሚኖረው ለወንድሜ ለሸዋርጋ፤

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ዓይንህን ካየሁ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ናፍቆቴን በወረቀት ልስፈረው ብል ወረቀቱ ያልቃል እንጂ እሱ አያልቅም። የኡፕሳላ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ትምህርቱስ? ባለቤትህ ቀለሟስ ከአራስ ቤት ወጥታ ጉልበቷ ተመለሰላት ወይ? የነቀምቴ ልጅ ናትና ገንፎዋን አጥታ እንዳትከሳብን፤ መቼም ገብስ በዚያ አገር አይጠፋም። ያ ስሙ ከቁመቱ የሚበልጠው ዓምደሚካኤልስ ደህና ይጠባል? መሳቅ ጀመረ? ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የልጅህን ስም ሳስብ አረፈድሁና ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ልጻፍ አልሁ። ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ጥራጊውን እያቃጠለ ስለሆነ ወረቀቱ ጢስ ጢስ ቢሸትህ አትደነቅ።

እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ይህን «ደህና ነን» የሚለውን ቃል በየደብዳቤው ራስ ላይ ስጽፈው ኖሬአለሁ፤ እጄ ለምዶት ራሱን ችሎ ይጽፈዋል። ዛሬ ግን ጽፌው ብዕሬን አነሣሁና ቁጭ ብዬ አየሁት። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሃለሁ። ፊደሌን ግን አደራ እንዳትስቅበት፤ የመሠረተ ትምህርት ምሩቅ መሆኔን አትርሳ፤ ሰርተፊኬቴ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝልህ። አምና በጥር፣ ገብረኪዳን ከአንገር ጉቲን እርሻ ቀይ የልጅ ብስክሌት ይዞ መምጣቱን ጽፌልህ ነበር። እዚያ እርሻው ላይ የነበሩ የውጭ ባለሙያ ቤተሰብ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውት ሄደው፣ ባለቤቴ መካኒክ አይደል፣ ሰንሰለቱን ቀጥሎ፣ ጎማውን ለጥፎ ለልጃችን ለትዕግሥት አመጣላት። አንተ ታዲያ በመልስህ እንኳን ደስ አላት እንኳ ሳትል፣ ያለ ሄልሜት፣ ያለ ራስ መከላከያ ቆብ፣ እንዳትነዳ፣ እኔ ከዚህ እልክላታለሁ፣ የራሷን ዙሪያ በሳንቲሜትር ለክተሽ ላኪልኝ አልኸኝ። እኔም ቁጥር ይሳሳታል፣ ክር አይሳሳትም ብዬ ክር ላክሁልህ።

ያ ክር ዋሸህ፣ ወንድሜ። ክሩ ምን ያድርግ፤ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። የልጅቷን ራስ በትክክል ለካሁ፤ ከዚያ መቀሱን ላሳርፍ ስል እጄ ሁለት ጣት አለፍ አለና ቆረጠ። አንተ ታውቀኛለህ፤ እኔ ስንት ዓመት የልጆች ልብስና ጫማ የሸጥሁ ሰው ነኝ። ለሚመጣው እናት ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ተለቅ ያለውን ውሰጂ፣ ያድግበታል። አንተንስ ያሳደግሁህ በዚሁ አይደል? የስድስተኛ ክፍል ኮትህ እጅጌው ሁለት ዓመት ሲታጠፍ ኖሮ፣ ልክህ የሆነ ለት ክርኑ ተቀደደ። እና ከስዊድን ድረስ የሚመጣ ዕቃ ለአንድ ዓመት ብቻ ሊሆን ነው? እግዜርም አይወደው አልሁ።

ዕቃው በነሐሴ መጨረሻ ባልኸው ሰው እጅ ደረሰን። ከካርቶኑ ሳወጣው ቅለቱ ገረመኝ። ይህን የሚያህል ነገር እንደ ባዶ ቅል እጄ ላይ ቀለለ። ውጩ ነጭና ጠንካራ፣ ውስጡ ያ ከአዲስ ራዲዮ ጋር የሚመጣው ነጭ ነገር፤ በጥፍሬ ብነካው ተሰረጎደ። በውነት ልንገርህ፣ ታዘብሁህ። ይኼ ነው ከድንጋይ የሚያድን? ትልቅ ሰው ሆኖ ተሞኘ አልሁ። ለልጅቷ ሳደርግላት ደግሞ እስከ አፍንጫዋ ወረደ። በደብዳቤህ፣ ከቅንድቧ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ይቅር፣ ማሰሪያው ጆሮዋን ከፊትና ከኋላ ይዞ አገጯ ሥር ይጥበቅ፣ ልኳ ካልሆነ እንዳታደርጊላት ብለህ ነበር። አነበብሁት፤ ለራሴ ብቻ። ከዚያ በጥጥ ጠቀጠቅሁትና ይኸው ልክሽ ሆነ አልኋት።

የሰፈሩ ልጆች ስም ለማውጣት ማን ብሏቸው። አንዱ ፓይለቷ አላት፣ አንዱ ቅሏ። የቀበሌያችን ጥበቃ ደግሞ ቁምነገር አድርጎ መጥቶ፣ ይኼ የወታደር ዕቃ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ገልብጬ ጥጡን ባሳየው ሳቀና ሄደ። ትዕግሥት ይህን ሁሉ ችላ ነዳች። ሸዋርጋ፣ ልጄ ያለማንም ድጋፍ በሁለት ጎማ ላይ ስትሄድ ያየሁ ለት አፌን ይዤ ቀረሁ። ሰው እንዴት ነው በዚያች ቀጭን ነገር ላይ የማይወድቀው? ትናንት በዳዴ የሄደች ልጅ ማን አስተማራት? ሱቁን ክፍት ትቼ መንገድ ዳር ቆምሁ። ደንበኛ መጥቶ ጠብቆ ሄደ አሉ፤ አላየሁትም።

የመስቀል ማግስት ነው። ከቤታችን አለፍ ብላ ስትዞር ጥጡ ላበው መሰለኝ ተኮማተረ፤ ያ ቆብ ዓይኗ ላይ ወረደ፤ ባላየችበት የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባች። ከግንባሯ የወረደው ደም ልብሷን አራሰው። ጎረቤታችንን አቶ ነመራን ታስታውሰዋለህ፤ ክሊኒክ የሚሠራው ድሬሰር፣ ልጅ ሳለህ ቡግንጅህን ያፈረጠልህ። ተሸክሜያት ሮጥሁ። ሦስት ቦታ ሰፋት፤ ሲሰፋት በኦሮምኛ ተረት እያወራላት እሷም እያለቀሰች ትመልስለት ነበር። ሲጨርስ እጁን ታጠበና ቆቡን አንሥቶ አገላበጠው። ጥጡን አንድ በአንድ አወጣ። ለምን ይህን ያህል ሰፋ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ ነጋዴነቴ ኮራ ብዬ፣ እንዲያድግባት ነው አልሁት።

አቶ ነመራ ቶሎ የሚናገር ሰው አይደለም። ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ሰፈሩ እንደሚጠራኝ በኦሮምኛ የትዕግሥት እናት ብሎ ጠርቶ እንዲህ አለኝ፦

«ሃደ ትዕግሥት፣ ልብስ ለከርሞ ይገዛል። የምትወድቀው ግን የዛሬዋ ልጅ ናት።»

ወንድሜ፣ ብዙ ተቆጥተውኛል፤ አባታችንም፣ አንተም፣ ባሌም። እንደዚህ ያለ ቁጣ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ድምፁ እንኳ ከፍ አላለም። ሹሩባዋን ሳስተካክል ቆየሁ።

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ወደ ቤታችን መጣ። ከአሮጌ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ እየቆረጠ ውስጡን ዙሪያውን እኩል አድርጎ በሙጫ ለጠፈ፤ ማሰሪያውን አሳጠረ። ይኼ ለጊዜው ነው፣ ልኳን የሆነ ያስፈልጋታል አለኝ። እኔም ጉብ ጉብ ያለውን ሹሩባ ፈትቼ ተኝቶ እንዲውል አድርጌ ሠራኋት። ከዚያ ከቅንድቧ በላይ ጣቶቹን አሳረፈ፤ ሁለት ጣት። እኔ ክሩ ላይ የጨመርሁት ሁለት ጣት ቦታው እዚህ ነበር ለካ። አፍሽን ክፈቺ አላት፤ ስትከፍት ማሰሪያው አገጯን ሲይዛት ታየኝ። አሁን ደግሞ ቆቡን አልፈልግም በይ አላት። እሷም የልቧን አገኘችና ራሷን ግራና ቀኝ እየነቀነቀች አልፈልግም፣ አልፈልግም አለች፤ ቆቡ ንቅንቅ አላለም። ያኔ እሷም ሳቀች።

መሳቋ ግን ለመልበሷ ዋስትና አልሆነም። አንዴ ስለጣላት ጠላችው፤ ጨመዳም፣ የጎረቤታችን የድርቤ ልጅ፣ የሚያስቅባት እሱ ነው። አድርጋው ወጥታ ከማእዘኑ ስትደርስ አውልቃ መሪው ላይ ታንጠለጥለዋለች። ዱላ ላነሣ ነበር፤ በኋላ ግን ሌላ አሰብሁ። ያንተን ደብዳቤ አወጣሁና፣ ያን ለብቻዬ ያነበብሁትን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሙሉውን አነበብሁላት። ክሩን ማስረዘሜንም ነገርኋት። ያ የወደቅሽው በኔ ነው፣ ቆቡ ጥፋት የለበትም አልኋት። እናት ለልጇ ጥፋቴ ነው ስትል ሰምታ አታውቅም፤ እኔም ብዬ አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ራሷ እያሰረች ወደኔ መጥታ ለኪኝ ትለኛለች፤ ሁለት ጣቴን ግንባሯ ላይ አሳርፌ ሂጂ እላታለሁ።

እንዲህ እያልን የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ደረሰ። ሐሙስ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ከባኬ ጃማ በኩል የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ፤ ከታች የድንጋይ ቦይ ያለበትን። እዚያ እንዳትሄድ ከልክያታለሁ፤ ሄደች። እኔ ለአንዲት እናት ሸሚዝ እያሳየሁ ነበር። ቀና ስል ቀይዋ ብስክሌት ትወርዳለች፤ እግሯን ወደ መሬት ሰዳለች። የፍሬኑ ገመድ ተበጥሶ ነው፤ ያን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ የማየው ልጄ መቆም አለመቻሏን ብቻ ነው። የሱቁን ባንኮኒ እንዴት እንደዘለልሁት አላውቅም። ሳልደርስ ብስክሌቷ ቦዩን መታች፣ ልጄ ተወርውራ በራሷ በድንጋዩ ላይ አረፈች። ድምፁን ሰማሁት። ይህን ድምፅ ልጽፍልህ አልችልም፤ ደረቅ ነገር ሲሰነጠቅ ነው። የማን ራስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በቃ አልሁ። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ መንገዱ ላይ ተቀመጥሁ።

ልጅቷ ተነሣች። በራሷ እግር ተነሥታ ቆመች፣ ሸዋርጋ። አንድ ግማሽ ቆብ በማሰሪያው ተንጠልጥሎ ትከሻዋ ላይ፣ ሌላው ግማሽ ቦዩ ውስጥ። ዝቅ ብላ አነሣችው፤ ሁለቱን ለመግጠም ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ወደኔ መጣች፦

«እማዬ፣ ቆቡ ተሰበረ። አጎቴ ይቆጣኛል?»

እጄን ዘርግቼ ፊቷን ያዝሁት። ጉልበቷ ተልጧል፣ ክርኗ ደም አለው፣ ራሷ ላይ ግን ምንም የለም። አቶ ነመራ ሲደርስ በሁለት እጁ ራሷን ዳሰሰ፤ ዓይኗን እያየ ጣቱን አስቆጠራት፤ በሁለት ቋንቋ አስቆጠራት። እስኪመሽ ካጠገቧ አልተለየም፤ ቢያስመልሳት፣ እንቅልፍ ቢጥላት ብሎ። ከዚያ የቆቡን ሁለት ግማሽ አጋጠመና ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው፤ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ግንባሯ ይደርሳል። ገለታ ዋቃ አለ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ማለቱ ነው። እኔ በጥፍሬ ነክቼ የታዘብሁት ያ ነጭ ነገር ለልጄ ብሎ ተሰነጠቀላት። አሁንም ሳስበው አልገባኝም። እንዴት ነው ደካማው ነገር ድንጋዩን የቻለው?

በማግስቱ ጠዋት ሹሩባዋን ፈትቼ ራሷን ሳጥባት ጣቴ በየቦታው እየዞረ ቆየ። አራስ ሳለች እርግብግቢቷ ከፍ ዝቅ ስትል እያየሁ እጄን ለማሳረፍ እፈራ ነበር። ከዚያ ገጠመችና ረሳሁት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ፍርሃት ረሳሁት። ውሃው ጠፈፍ ሲል ክር አመጣሁና ለካኋት። ሁለት ስንዝር ተኩል፤ ይኸው ነው። ማባዣ ሠንጠረዡ እዚህ ውስጥ ነው። ከአባቷ የወረሰችው ቁጣ፣ ከጨመዳ ጋር በኦሮምኛ የምትሰዳደበው ስድብ፣ አንተ ትከሻህ ላይ አድርገህ ገበያ የወሰድሃት ቀን፣ ገና እኔ የማላውቀው ሐሳቧ ሁሉ፤ ይህ ሁሉ በሁለት ስንዝር ተኩል ክር ይከበባል። እኔ የዕድሜዬን ግማሽ ሰው ስለካ ኖሬአለሁ፤ ምን እየለካሁ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ለት ነው። ክሩን እንደያዝሁ አለቀስሁ፤ እሷ ደግሞ ሳሙናው ዓይንሽ ገባ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች።

የተሰነጠቀውን ቆብ ሱቁ በር ላይ ሰቀልሁት። አቶ ነመራ ነው ስቀይው ያለኝ። ልጆች እየመጡ ስንጥቁን ነክተው ይሄዳሉ። ቅሏ የሚላት ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ድርቤ ጨመዳን እጁን ይዛ መጣች፤ ከሜዳው ብስክሌት እየተከራየ አልተው ብሏታል፤ ወንድምሽ ለልጄም ይላክልኝ፣ ከወጪው የሚደርስብኝን አላስቀርም አለችኝ። ክር ስጪኝ አለችና ለካችው። ልትቆርጥ ስትል መቀሷ አለፍ ሲል አየሁት። ሁለት ጣት፤ እንደኔው። እጇን ያዝሁና፣ ድርቤ፣ የዛሬውን ልጅ አልኋት። ገና ትናንት የተማርሁትን እንደ ጥንት አዋቂ ሆኜ ነገርኋት፤ አንተ ብታየኝ ትስቅ ነበር። በጫማው ግን አልተለወጥሁም፤ ጫማ አሁንም ተለቅ ያለውን ነው የምሸጠው። እግር ሌላ፣ ራስ ሌላ።

እንግዲህ ከዚህ ወረቀት ጋር ሁለት ክር አለልህ። ፖስታው ሲከፈት እንዳይወድቁ ወረቀቱ ላይ በመርፌ ያዝ ያዝ አድርጌ ሰፍቻቸዋለሁ፤ ቀዩ የትዕግሥት ነው፣ ሰማያዊው የጨመዳ። አንዴ የተመታ ዳግመኛ አያገለግልም ብለህ ጽፈሃልና፣ ሌላው እስኪመጣ ብስክሌቷን ገብረኪዳን ሰንሰለቱን ፈትቶ አንገር ጉቲን ወስዶታል። ልጅቷ አልከፋትም፤ የከፋት አንተ ትቆጣለህ ብላ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ለሷ ብቻ ሁለት መስመር ጻፍላት፤ አልተቆጣሁም በላት። ፖስታ ቤት በሄድሁ ቁጥር ከደጅ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔን ግን ከፈለግህ ተቆጣኝ፤ ይገባኛል።

ገብረኪዳን ሰላም ይልሃል፤ ፍሬኑን ቀድሞ ባለማየቱ እስካሁን ራሱን ይወቅሳል፤ አጽናናው። አቶ ነመራ እጅ ይነሣል፤ ቡግንጁ ተመልሷል ወይ በይው ብሎኛል። ድርቤና ጨመዳ ሰላም ይሉሃል። ከአገር ቤት እናታችን ደህና ናት፤ ስለ ውድቀቱ አልነገርኋትም፣ አንተም እንዳትጽፍላት። ቀለሟን ጉንጭዋን ሳምልኝ፤ እናቷ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝታኝ ስለናንተ አውርተን አውርተን አልጠገብንም። ትዕግሥት አንተን አጎቴ ብላ ሰላም ካለች በኋላ ለሕፃኑ ለብቻው ሰላም በይልኝ አለች፤ ይኸው ብያለሁ።

አንድ ነገር ለምኜህ ላብቃ። የዓምደሚካኤል ፎቶግራፍ ደርሶኛል፤ መስታወቱ ጥግ ሰክቼዋለሁ። ፎቶግራፍ ግን መጠኑን አይነግረኝም። ስሙ ቢሰፋው ግድ የለም፤ ስም ይስፋ፣ ያድግበታል። ራሱን ግን በክር ለክተህ ላክልኝ። ጫፍና ጫፉን አገናኝቼ መዳፌ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ያላቀፍሁት ልጅህ ራሱን የሚያሳርፍበትን ያህል ቦታ አየዋለሁ። የኔ ወንድም ነህና እጅህ እንዳያልፍብህ፤ አንድም ጣት አትጨምርበት። እኔ ማየት የምፈልገው የዛሬውን ነው።

ናፋቂ እህትህ ወለቴ

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ
ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.